ከቆቃ እስከ ቆጣሪ

ስለ ኤሌክትሪክ በክፍል ውስጥ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ግድቡ የተሠራበትን ዓመትና የሚያመነጨውን ኃይል ነው። ተማሪውም ይህንኑ ሸምድዶ ወደ ፈተና ይገባል። በፈረቃ እየተተካኩ ግድቡን ሲጠብቁና ምሰሶ ሲወጡ የኖሩት ሠራተኞች ግን በታሪክ ትምህርታችን ቦታ አላገኙም። ስለ እነርሱ ጥቂት ለማለት እንወዳለን። ዓመታቱን የሰጠነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1956 ሲቋቋም አዲስ አበባ የምትበራው በአቃቂ ወንዝ ላይ በተሠራው አነስተኛ የአባ ሳሙኤል ጣቢያና በናፍጣ ሞተሮች ነበር። በ1960 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ጣቢያ 43 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። በ1966 አዋሽ ሁለተኛ፣ በ1971 አዋሽ ሦስተኛ እያንዳንዳቸው በ32 ሜጋዋት ተከተሉ። እነዚህ ሁለቱ የሚያሽከረክሩት ከቆቃ የወረደውን ያንኑ ውሃ ነው፤ በመካከሉም የወንጂ ሸንኮራ ከዚያው ይጠጣል።

እንግዲህ ቆቃ ላይ ያለው ሠራተኛ የውሃውን በር ከፍ ወይም ዝቅ ባደረገ ቁጥር ለራሱ ጣቢያ ብቻ አይደለም የሚወስነው። በነሐሴ ሐይቁ ሞልቶ ዝናቡ አላቆም ሲል በሩ ካልተከፈተ ለግድቡ ያሰጋል፤ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ደግሞ ከታች ያለው ገበሬ ማሳውን ጎርፍ ይወስድበታል። አስቀድሞ ቢለቀቅስ? ዝናቡ በመስከረም ቀድሞ ከወጣ የበጋው ውሃ ጎደለ ማለት ነው። ከደጋው ታጥቦ የሚወርደው ደለል የሐይቁን ሆድ እየሞላ በመሄዱ ይህ ውሳኔ ከዓመት ዓመት እየከበደ መጣ። የክረምት ሌሊት ተረኛ መሆን ቀላል አልነበረም።

ኤሌክትሪክ እንደ እህል በጎተራ የሚከማች አልነበረም፤ ሕዝቡ በሚፈልግበት ቅጽበት መመንጨት አለበት። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ዓይኑን ከመለኪያው መርፌ ላይ አይነቅልም፤ መርፌው በሴኮንድ 50 ዙር ላይ መቆየት ይገባዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የበዓል ዋዜማ ለተቆጣጣሪው የሥራ ቀን ሆነ። አንድ ምጣድ ሦስት ኪሎዋት ተኩል ያህል ይስባል፤ ይህም ከሃምሳ የሚበልጡ ባለ 60 ሻማ አምፖሎች በአንድ ላይ ማብራት ነው። የሒሳብ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያሠሩት መልካም ነው እንላለን።

ምሰሶ የሚወጣው ሠራተኛ ሕይወቱን የሚያኖረው በማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ባለው ጓደኛው እጅ ነው። መስመሩ ይቋረጣል፣ ማንም እንዳይነካው ማስታወቂያ ይንጠለጠልበታል፣ ሠራተኛው ኃይል አለመኖሩን በመሣሪያ ያረጋግጣል፣ ሽቦውን ከመሬት ጋር ያገናኛል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሚሰነዝረው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የጣቢያው መስመር ቢዘጋም አንድ ባለሱቅ መብራት ጠፋ ብሎ የራሱን ጀነሬተር ከቤቱ መስመር ጋር በቀጥታ ቢያገናኝ ኃይሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ 220 ቮልት የነበረው በትራንስፎርመሩ በኩል 15,000 ሆኖ ይወጣል። ባለሱቁ ክፉ አላሰበም፤ ምሰሶው ላይ ያለው ሰው ግን ይሞታል።

በ2009 ውሃ አጥሮ መብራት በፈረቃ ሲታደል፣ ሠፈር ከሠፈር እየለየ የሚያጠፋውም ያው ሠራተኛ ነበር። የራሱ ቤተሰብ ያለበትም መስመር ተራው ሲደርስ ይጠፋል።

ድርጅቱ በ1997 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2013 አንዱ ኃይል አመንጪ፣ አንዱ አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ለሁለት ተከፈለ። ሕዝቡ ግን «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም። ለብዙ ሰው መብራት ኃይል ማለት ደብተሩን ይዞ፣ ውሻ እየጮኸበት በር የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ስለ ቆቃ ደለልም፣ ስለተቃጠለው ትራንስፎርመርም ቁጣውን የሚቀበለው እሱ ነው። ቁጥሩን ጽፎ ወደሚቀጥለው በር ይሄዳል።