ሸክም ንብረትን መተው፦ ኩባንያ ሲፈርስ የኪራይ ውሉ ምን ይሆናል?

ዕዳው ከአቅሙ በላይ ሆኖ ለሚፈርስ ኩባንያ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል። የአጣሪው ሥራ የተገኘውን ንብረት ሸጦ ለባለገንዘቦች ማከፋፈል ነው። በንብረት መዝገቡ ላይ ከሰፈረው መካከል ግን ገቢው ወጪውን የማይሸፍን አይጠፋም፤ ለምሳሌ ገና አሥር ዓመት የሚቀረውና ኪራዩ ከገበያው በላይ የሆነ የሱቅ ውል። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. የ1986ቱ የኪሳራ ሕግ በአንቀጽ 178 አጣሪው እንዲህ ያለውን ንብረት ማስታወቂያ ሰጥቶ እንዲገላገለው ይፈቅዳል። እንግሊዞች «ዲስክሌመር» ይሉታል፤ እኔ «ሸክም ንብረትን መተው» ብዬዋለሁ። «ውል መሰረዝ» የሚለው አይመጥነውም፤ መተው የሚሠራው ከዚያ ቀን ወዲህ ላለው ብቻ ስለሆነ ውዝፉ ኪራይ ዕዳነቱ ይቀጥላል።

ይህ ሥልጣን የሚያስከትለው ጉዳት ለአከራይና ለተከራይ እኩል አይደለም። የከሰረው ተከራዩ ከሆነ አከራዩ ቤቱን ይረከባል፤ ለቀሪው ዘመን የቀረበትንም ኪራይ፣ ቤቱን ለሌላ ሲያከራይ የሚያገኘው ተቀንሶለት፣ እንደ ማንኛውም ባለገንዘብ ይጠይቃል። ዋስ ካለው ደግሞ ዋሱን ይይዛል፦ እ.ኤ.አ. በ1996 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በሂንድካስል ጉዳይ መተው ኩባንያውን ነፃ ቢያወጣም ውሉን ቀድሞ ያስተላለፈውን የመጀመሪያውን ተከራይና ዋሱን እንደማያወጣ ወስኗል። ነገሩ መንጠልጠሉ ያስጨነቀው አከራይ ውሉን ትይዘዋለህ ወይስ ትተወዋለህ ብሎ አጣሪውን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ አጣሪው በ28 ቀን ውስጥ ካልተወ፣ በኋላ ልተው ማለት አይችልም።

የከሰረው አከራዩ ሲሆን ግን ተከራዩ የሚረከበው የለም። ዊልሞት ፎረስትስ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ዛፍ ለሚያለሙ ሰዎች መሬት ያከራይ ነበር፤ ብዙዎቹ ውሎች የ25 ዓመት ነበሩ። ኩባንያው ሲፈርስ አጣሪዎቹ መሬቱን ከኪራይ ነፃ አድርገው ለመሸጥ ውሎቹን መተው ፈለጉ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 አራት ለአንድ በሆነ ድምፅ ይህን ማድረግ እንደሚችሉ፣ የተከራዮቹም የይዞታ መብት አብሮ እንደሚያበቃ ወሰነ። በመሬቱ ላይ የነበራቸው መብት ወደ ገንዘብ ጥያቄነት ወረደ። ካዝናው ባዶ ከሆነ ኩባንያ ላይ የገንዘብ ጥያቄ መያዝ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ባለገንዘብ ሁሉ ያውቀዋል።

የውሳኔው ደጋፊዎች ሻጩም፣ ሠራተኛውም፣ አበዳሪውም የተገባለት ቃል ቀርቶበት ሳለ ተከራዩ ለምን ይለያል ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም ተከራዩ በእጁ ያለው ተስፋ ብቻ አይደለም፤ ይዞታውን ተረክቧል፣ ምናልባትም ኪራዩን አስቀድሞ ከፍሏል። ለኩባንያው የቀረለት 25 ዓመት የተቀነሰበት መሬት ነው፤ ባለገንዘቦች ከዚህ የበለጠ የሚጠይቁበት ምክንያት አይታየኝም። ኩባንያው ሊወድቅ ሲል ለዘመድ በርካሽ ያከራየው ከሆነስ ቢባል፣ ለዚያ ዓይነቱ ተንኮል የኪሳራ ሕጎች የተለየ ማፍረሻ አላቸው። የአውስትራሊያው ሕግ ተከራዩ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር መክፈቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መተዉ የሚሻረው የተከራዩ ጉዳት መሻሩ በባለገንዘቦች ላይ ከሚያመጣው ጉዳት እጅግ የበለጠ ሲሆን ብቻ ነው። ሚዛኑ ገና ሳይጀመር ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው።

እውነተኛው ሸክም አከራይ የገባው ግዴታ ነው፦ ጣሪያ መጠገን፣ ውኃና መብራት ማቅረብ። የአሜሪካው የኪሳራ ሕግ በአንቀጽ 365 ይህንን ከይዞታው ለይቶታል። የከሰረው አከራይ ውሉን አልቀጥልም ቢል ግዴታዎቹ ይወርዱለታል፤ ተከራዩ ግን ከፈለገ ዘመኑ እስኪያልቅ ይቀመጣል፣ የተጓደለበትንም አገልግሎት ዋጋ ከኪራዩ ላይ ይቀንሳል። ይህም ቢሆን ቀዳዳ አላጣም፤ ሕንፃው ከማንኛውም መብት ነፃ ተደርጎ ሲሸጥ የተከራዩ ይዞታ ይጸና እንደሆነ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ራሳቸው አልተስማሙም።