የመኪና ቀበቶ ታሪክና የጥገናው ነገር

ባለፈው ክረምት ከአንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፥ የተጋጨ ፒካፕ መኪና ሲጠገን ተመለከትሁ። እስከ ግማሹ የተበጠሰውን የሾፌሩን ቀበቶ መካኒኩ ለጫማ ሰፊ ልኮ በወፍራም ክር አሰፍቶ መልሶ ገጠመው። «አዲስ ከየት ይምጣ?» አለኝ፤ ንግግሩም ሐሰት አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ያ ስፌት ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት የቀበቶውን ታሪክ መመልከት ያሻል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ታሪኩን የኒው ዮርኩ ኤድዋርድ ክላግሆርን በ1885 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ካገኘው የፈጠራ መብት ይጀምራሉ። የእርሱ ቀበቶ ግን ሰውን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ማያያዣ ነበር፤ አውቶሞቢልም ያን ጊዜ ገና በሙከራ ላይ ስለ ነበረ፥ ይህን ሰው የመኪና ቀበቶ አባት ማለት ለእኔ ልክ አይመስለኝም።

በ1949 ናሽ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ አቀረበ። በ1954 ደግሞ የአሜሪካ አየር ኀይል ሐኪም የነበረው ጆን ስታፕ፥ በሮኬት በሚገፋ ጋሪ ላይ በጠፍር ታስሮ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በ1.4 ሴኮንድ ቆመ፤ ብዙ ቢጐዳም በሕይወት ተረፈ። በሚገባ የታሰረ ገላ ይህን ያህል እንደሚችል በዚህ ታየ።

የወገቡ ቀበቶ ግን ደረትንና ራስን ስለማይዝ፥ ሰውዬው ወደ ፊት ታጥፎ ከመሪው ጋር ይጋጫል። ይህን ያረመው ስዊድናዊው ኒልስ ቦህሊን ነው። እርሱ አስቀድሞ በሳብ ኩባንያ አብራሪውን ከአውሮፕላን የሚያስፈነጥር ወንበር ይሠራ ነበር፤ በ1958 ወደ ቮልቮ ተዛወረ። አንዱ ጠፍር ደረትን አንዱም ወገብን ይዞ፥ ሁለቱ ከዳሌ አጠገብ ዝቅ ብለው እንዲገናኙና በአንድ እጅ እንዲታሰሩ አደረገ። ቮልቮ በ1959 በመኪናው ላይ ገጠመው፤ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሩበት ፈቀደ። ማሰርን በሕግ ግዴታ ለማድረግ የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ በ1970 ቀደመች።

አሁን ወደ ስፌቱ ልመለስ። የቀበቶው ሽመና በግጭት ጊዜ ጥቂት ተለጥጦ የሰውየውን ኀይል እንዲያበርድ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አንዴ የተለጠጠ ግን ያንኑ ሥራ ደግሞ በሚገባ አይሠራም። ስፌት የተቈረጠውን ይገጥማል እንጂ የተለጠጠውን አይመልስም። ስለዚህ ከብርቱ ግጭት በኋላ ቀበቶው ከነመጠቅለያው ይለወጣል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች በፈንጂ ኀይል ቀበቶውን የሚያጠብቅ መሣሪያ አለ፤ ይህም አንድ ጊዜ ከተተኰሰ አልቋል።

መጠቅለያው ውስጥ መኪናው በድንገት ሲቆም የሚያዘነብል ትንሽ ክብደት አለ፤ እርሱም ጥርሱን ይቈልፈዋል። ፒካፕ ጥርጊያ መንገድ ስለሚበዛበት አቧራው እዚህ ገብቶ ይደድራል። ብዙዎች ዘይት ይቀቡታል፤ ዘይት ግን አቧራን ስለሚሰበስብ ነገሩ ይብሳል። ጠፍሩን በለብታ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፥ ሳይጠቀለል በጥላ ማድረቅ ይበቃል፤ በረኪና ግን ክሩን ያደክመዋል። ከወለሉ ጋር የሚያስረው ቡሎንም ለዚሁ የተሠራ ጠንካራ ብረት ነው። በዚያ ጋራዥ ቡሎኑ ጠፍቶ ከአሮጌ ብረት ክምር ልኩ የሚገጥም ሌላ ተፈልጎ ነበር፤ ልኩስ ገጥሟል።