የዳናውን ሼኽ በቤተ ሰብ መዝገብ ስንፈልግ

እኛ የሐራ ልጆች የዳናን ስም ከሕፃንነታችን ጀምሮ በመንዙማ ስንሰማ አድገናል። በዚሁ በየጁ ምድር ያለውን ይህን የዕውቀት ቦታ ያቀኑት ሼኽ አሕመድ ኢብን አደም ናቸው። ሕዝቡም ዳንዩል አወል፥ ማለት የመጀመሪያው ዳንይ፥ ይላቸዋል።

እንዲህ ያለ ሰው ታሪኩ በአብዛኛው የሚገኘው ቤተ ሰብ በሣጥን ባስቀመጠው ኪታብና በሽማግሌዎች ቃል ነው፤ ኪታቡን ምስጥ ከቀደመን ግን የምናነበው አይኖርም። በዚያ የሚቈጠረው ሐረግ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአባት ወደ ልጅ፥ ሁለተኛው ከመምህር ወደ ደረሳ የሚወርደው ሲልሲላ። እኛ ሁለተኛውን አብልጠን ወደድነው፤ ሰውዬው ከማን ተምረው ለማን እንዳስተማሩ ይነግራልና።

የዘመን ቍጥሩ ግን አድካሚ ነው። ኪታቡ በሒጅራ፥ እኛ በዓመተ ምሕረት እንቈጥራለን። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ በ2001 እ.ኤ.አ. ስለ ወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ የቈጠሩት ደግሞ በአውሮፓ ነው። ሼኹ ያረፉበት 1903 እ.ኤ.አ.፥ እንደ ወሩ፥ በእኛ 1895 ወይም 1896 ይሆናል። እንግዲህ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ያወጁበትን ዘመን ሼኹ በዓይናቸው አይተውታል፤ ከዚያም በኋላ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ኖረዋል።