ሜትሮፖሊታን፦ የሆንዳ ባለ 49 ሲሲ ስኩተርና የኦሃዮ አሻራው

ሜትሮፖሊታን የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እ.አ.አ. በ2002 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረባት የከተማ ስኩተር ናት። የሞተሯ መጠን 49 ሲሲ፣ ክብደቷ 80 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የነዳጅ ታንኳ ከ5 ሊትር በታች ይይዛል። ፍሪሲዮን የላትም፤ ማርሽም መቀየር አያስፈልጋትም። ነዳጅ ሰጥቶ መሄድ፣ ፍሬን ይዞ መቆም ነው። እንደ ኮለምበስ ባለ ሜዳማ ከተማ፣ ከመኖሪያ ሰፈር ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው ይህ በቂ ነው። ከተማዋን በሚከበው 270 ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ግን ቦታ የላትም።

የ49 ሲሲ ልክ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶችም ሆነ በሌሎች አገሮች ሕግ፣ ከ50 ሲሲ በታች የሆኑ ሞተሮች ከትልልቆቹ ሞተር ሳይክሎች በተለየ ምድብ ይታያሉ። መሐንዲሶች ብዙ ጥበብ ያፈሰሱትም በዚህች ጠባብ ወሰን ውስጥ ነው።

ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ ትንንሽ ስኩተሮች ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበራቸው። እነዚህ ሞተሮች ቀላልና ርካሽ ቢሆኑም ዘይት ከቤንዚን ጋር አብረው ስለሚያቃጥሉ ጭሳቸው ይበዛል። ሜትሮፖሊታን ባለ አራት ምት ሞተር ናት፤ ዘይቱ ለብቻው ይዘዋወራል፣ ሞተሩም በውኃ ይቀዘቅዛል። ከ2013 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ ካርቡረተሩ ቀርቶ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ መርጫ እንዲገባ ተደርጓል። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለት ፑሊዎች እንደ ፍጥነቱ ስለሚሰፉና ስለሚጠቡ የማርሹን ሥራ ይተካሉ።

ይህ ዝንባሌ ከኩባንያው ልደት ይጀምራል። መካኒኩ ሶይቺሮ ሆንዳ እ.አ.አ. በ1946፣ በጦርነት በተጎዳችው ሃማማትሱ ከተማ፣ ለጦር ሠራዊት ሬዲዮ ኤሌክትሪክ ያመነጩ የነበሩ ትርፍ ሞተሮችን በብስክሌት ላይ ገጠመ። ኩባንያው በ1948 ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት የንግዱን ሥራ የያዘው ታኬኦ ፉጂሳዋ ተቀላቀለው። ሁለቱ በ1958 ያወጧት ሱፐር ካብ ባለ 49 ሲሲና ባለ አራት ምት ነበረች፤ 4.5 የፈረስ ጉልበትም ነበራት። ምግብ አመላላሽ በአንድ እጁ ትሪ ይዞ እንዲነዳት ሲባል በእጅ የሚያዘው ፍሪሲዮን ቀረ። የሱፐር ካብ ቤተሰብ ምርት በ2017 ከ100 ሚሊዮን አልፏል፤ በዓለም ላይ የዚህን ያህል የተመረተ ሌላ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የለም።

ሆንዳ በ1959 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቢሮ ሲከፍት አሜሪካውያን ትልልቆቹን ሞተር ሳይክሎች ይወዳሉ ብሎ ነበር። ገበያውን የከፈተችለት ግን ትንሿ ካብ ናት።

የኦሃዮው ምዕራፍ ከዚያ 20 ዓመት በኋላ ይመጣል። ከኮለምበስ በስተ ሰሜን ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሜሪስቪል፣ መስከረም 10 ቀን 1979፣ የመጀመሪያው ሞተር ሳይክል በ64 ሠራተኞች እጅ ተገጣጥሞ ወጣ። ያ ፋብሪካ የሆንዳ መፈተኛ ነበር፤ አሜሪካውያን ሠራተኞች የጃፓኑን ጥራት ይደርሱበት እንደሆነ በሞተር ሳይክል ታየና በኅዳር 1982 የአኮርድ መኪና ምርት እዚያው ተጀመረ። በአሜሪካ ምድር የተመረተ የመጀመሪያው የጃፓን መኪና ይኸው ነው። በ1985 አና በተባለችው የኦሃዮ ከተማ የሞተር ፋብሪካ ተከተለ።

ለመኪናው በር የከፈተው የሞተር ሳይክል መስመር ግን አልዘለቀም፤ በ2009 ተዘጋ፣ የጎልድ ዊንግ ምርትም ወደ ጃፓኗ ኩማሞቶ ተሻገረ። ሜትሮፖሊታንም ብትሆን የኦሃዮ ውላጅ አይደለችም። ከኮለምበስ ወጣ ብላ በምትገኘው ፒከሪንግተን ያለው የአሜሪካ ሞተር ሳይክል አሽከርካሪዎች ማኅበር ሙዚየም ግን የሶይቺሮ ሆንዳን ስም በክብር መዝገቡ አስፍሯል።

አሁን የ50 ሲሲው ምድብ ራሱ አደጋ ላይ ነው። ጃፓን የጭስ ልቀት ደንቧን ስታጠብቅ፣ ለዚህች ትንሽ ሞተር የሚያስፈልገው ማጣሪያ ከሽያጭ ዋጋዋ ጋር አልመጣጠን በማለቱ ሆንዳ በአገሩ ባለ 50 ሲሲ ምርቱን በ2025 አቁሟል። ፊቱን ያዞረው ወደ ኤሌክትሪክ ነው፤ ከኮለምበስ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በጄፈርሰንቪል አቅራቢያ፣ ከደቡብ ኮሪያው ኤልጂ ጋር በ3.5 ቢሊዮን ዶላር የባትሪ ፋብሪካ ለማቆም የተስማማው በ2022 ነበር።