በጋራዥ የጥገና ጉድለት ምክንያት ተሽከርካሪ ሲበላሽ ሸማቾች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የተሽከርካሪ ጥገና ሸማቹ የከፈለበትን ሥራ በዓይኑ አይቶ ለማረጋገጥ ከሚቸገርባቸው አገልግሎቶች አንዱ ነው። ያልጠበቀ ቡሎን ወይም በፍሬን መስመር ውስጥ የቀረ አየር ተሽከርካሪው ከጋራዥ በሚወጣበት ሰዓት ላይታይ ይችላል፤ የሚገለጠው ግን በመንገድ ላይ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ ከገንዘብ ኪሣራ አልፎ የአሽከርካሪውን፣ የተሳፋሪውንና የእግረኛውን ሕይወት ይመለከታል።

ከጥገና በኋላ የሚያጋጥሙ ብልሽቶች

የሞተር ዘይት ሲቀየር የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን በሚገባ ካልጠበቀ ወይም የአሮጌው ማጣሪያ ጎማ ሳይነሳ አዲሱ ከተደረበበት ዘይቱ በጉዞ ላይ ይፈስሳል። ያለ ዘይት የሚሠራ ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ተጣብቆ ሊቆም ይችላል።

ጎማ ተፈቶ ሲታሰር ዳዶዎቹ በመስቀል ቅደም ተከተልና በተወሰነው ኃይል ካልጠበቁ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ የመንኳኳት ድምፅም ይሰማል። ጎማው ከታሰረ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ የዳዶዎቹን ጥብቀት በድጋሚ ማረጋገጥ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

በፍሬን መስመር ውስጥ አየር ከቀረ ፔዳሉ ሲረገጥ ይለሰልሳል፣ ይሰምጣልም። የሞተሩን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቺንጋ ምልክቱን ስቶ ከተገጠመ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ላይ ባልቦላና ፒስተን ተጋጭተው ከባድ ጉዳት ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ከጥገና በኋላ የሚታይ ብልሽት ሁሉ የጋራዡ ጥፋት ነው ማለት አይደለም። በዕድሜ ያረጀና ጥገናው ያልነካው ዕቃ በአጋጣሚ በዚያው ሳምንት ሊሰበር ይችላል። የአቤቱታው ውጤት የሚወሰነው በብልሽቱና በተሠራው ሥራ መካከል ያለውን ግንኙነት በማስረጃ በማሳየት ነው።

ብልሽቱ እንደታወቀ መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

1. ተሽከርካሪውን በአስተማማኝ ቦታ ማቆምና ሞተሩን ማጥፋት። የዘይት ማስጠንቀቂያ ቀይ መብራት እየበራ ጉዞ መቀጠል ጉዳቱን ያባብሳል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ተጎጂው ወገን ጉዳቱን ለመቀነስ ተገቢውን ጥረት ማድረግ ስላለበት፣ በቸልተኝነት የተባባሰው ጉዳት ከሚጠየቀው ካሣ ላይ ሊቀነስ ይችላል።

2. ዕቃው ከመነካቱ በፊት የብልሽቱን ቦታ፣ የፈሰሰውን ዘይትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ንባብ ፎቶግራፍ ማንሳት፤ ቀኑንና ሰዓቱን መመዝገብ።

3. ተሽከርካሪውን በሌላ ጋራዥ ከማስፈታት መቆጠብ። ሌላ ባለሙያ ከፈታው በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት አዳጋች ይሆናል። ማስፈታት ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ጋራዥ ተወካይ እንዲገኝ በቅድሚያ ማሳወቅ፣ የባለሙያውን የምርመራ ውጤት በጽሑፍ መቀበልና የወጡትን ዕቃዎች ማስቀመጥ ይገባል።

4. ለጋራዡ በጽሑፍ ማሳወቅ። ማስታወቂያው የተሠራውን ሥራ፣ የታየውን ጉድለት፣ የሚጠየቀውን መፍትሔና የምላሽ ቀነ ገደብ ይይዛል። በአንድ ቅጂ ላይ የጋራዡን ፊርማና ማኅተም ማስደረግ በኋላ “አልተነገረኝም” የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

የሕግ ማዕቀፍ

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት አገልግሎት የተሰጠው ሸማች አገልግሎቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በድጋሚ እንዲሰጠው ወይም የከፈለው ዋጋ እንዲመለስለት በ15 ቀናት ውስጥ መጠየቅ ይችላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ “ነገ ይሠራልሃል” በሚል የቃል ተስፋ እንዳያልፍ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጋራዡ በውል የሰጠው ዋስትና ለሸማቹ የተሻለ ከሆነ ተፈጻሚነት የሚኖረው ዋስትናው ነው።

የጥገናው ጉድለት በሌላ የተሽከርካሪው ክፍል ላይ ጉዳት ካስከተለ፣ ለምሳሌ በዘይት ማፍሰስ ሞተሩ ከተበላሸ፣ የአገልግሎት ዋጋው መመለስ ብቻውን ሸማቹን አይክሰውም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውሉ በአግባቡ ባለመፈጸሙ ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቅ እንደሚቻል ይደነግጋል። ይህም ከላይ ከተጠቀሰው የ15 ቀናት ጥያቄ የተለየ ነው።

ባለንብረቶች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 ነው። ተሽከርካሪው በሦስተኛ ወገን ላይ ጉዳት ካደረሰ በቅድሚያ ኃላፊ የሚሆነው የተሽከርካሪው ባለቤት ነው። ጥፋቱ የጋራዡ መሆኑ ለተጎዳው ሰው በቂ መልስ አይሆንም። ባለቤቱ የከፈለውን ከጋራዡ ለመጠየቅ የሚረዳው ከላይ በተዘረዘረው አኳኋን ያስቀመጠው ማስረጃ ነው።

አቤቱታ ስለማቅረብ

ከጋራዡ ጋር በስምምነት መጨረስ ካልተቻለ ሸማቹ ጋራዡ በሚገኝበት አካባቢ ላለው የንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል። የክፍያ ደረሰኝ፣ የሥራ ማዘዣ፣ ፎቶግራፎች፣ የባለሙያ ምርመራ ውጤትና ለጋራዡ የተሰጠው ማስታወቂያ ቅጂ ከአቤቱታው ጋር መያያዝ ይኖርባቸዋል። ስለ ካሣ የሚነሳ ክርክር ለፍርድ ቤትም ሊቀርብ ይችላል።

አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

ተሽከርካሪውን ከማስረከብ በፊት የጋራዡ የንግድ ፈቃድ በግልጽ ቦታ መለጠፉን ማየት፣ የሚሠራውን ሥራና የሚቀየረውን ዕቃ በዝርዝር በጽሑፍ መስማማት፣ የተቀየሩት አሮጌ ዕቃዎች እንዲመለሱ መጠየቅና ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። ደረሰኝ ባለመቀበል የሚገኝ የዋጋ ቅናሽ ሸማቹን ዋነኛ ማስረጃውን ያሳጣዋል። በርክክብ ጊዜም ከባለሙያው ጋር አጭር የሙከራ ጉዞ ማድረግ፣ ከዚያም ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ የዘይቱን መጠን መለካትና ከተሽከርካሪው ሥር የፈሰሰ ነገር አለመኖሩን መመልከት ይገባል። ይህ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ሲሆን ጉድለቱ በመንገድ ላይ ሳይሆን በጋራዡ ግቢ ውስጥ እንዲታወቅ ያስችላል።