ኮምፒዩተር በሞዴል 19 ይገባል፤ በምን ይወጣል?
ከካምፓላና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

ሙቱንጎ በዩጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በናካዋ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በሉጋንዳ ቋንቋ ስሙ ናሉባሌ፣ ከነወደቡ ይታየዋል። በዚያ በኩል ያለው የሐይቁ ክፍል መርቺሰን የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ነው። የካምፓላ ሕዝብ ከሚጠጣው ውሃ ብዙው ተስቦ የሚጣራው በዚሁ ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ጋባ በተባለ ስፍራ ነው። ናኪቩቦ የተባለው ቦይም የከተማይቱን ጎርፍና ፍሳሽ ተሸክሞ የሚደርሰው ወደዚያው ነው። እንግዲህ በካምፓላ ኮረብታዎች ላይ በግዴለሽነት የተጣለ ነገር ዞሮ ዞሮ ወደ ጠጪው አፍ የሚመለስበት መንገድ አጭር ነው ማለት ነው።

ጽሑፋችንን ከዚህ ኮረብታ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች በኮምፒዩተርና በመሰል መሣሪያዎች ሲገለገሉ አካባቢያቸውን እንዳይጎዱ ምን ማድረግ ይገባቸዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሀብታም አገሮች ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። እኛ ግን ጥያቄው የካምፓላም የአዲስ አበባም ጥያቄ መሆኑን፣ መልሱም በከፊል በገዛ ታሪካችን ውስጥ እንዳለ ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ያልተባለባቸው ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መሣሪያው እንዴት ገባ?

የካምፓላው ማኬሬሬ እ.ኤ.አ. በ1922 ሲከፈት ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። 14 ተማሪዎች አናጢነት፣ ግንበኝነትና የመካኒክነት ሙያ የሚማሩበት አነስተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ደረጃ በደረጃ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1970 ራሱን የቻለ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። የኮምፒዩተር ሳይንስ ኢንስቲትዩቱም እ.ኤ.አ. በ1985 ተቋቋመ። በእኛም አገር አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1942፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁም እ.ኤ.አ. በ1950 ተመሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን የሚቀበል የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች በእጅ ሙያ ጀምረው ወደ ኮምፒዩተር የደረሱት በተቀራራቢ መንገድ ነው።

በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው የአሜሪካው ኤኒያክ 30 ቶን ያህል የሚመዝን፣ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ የቫኩም ቱቦዎች የነበሩት፣ 150 ኪሎ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሣሪያ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡትም ለረጅም ጊዜ ውድ ስለ ነበሩ አንዱን መሣሪያ ብዙ ሰዎች ይጋሩት ነበር። ይህ ልማድ የተለወጠው በየጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው የግል ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ምሥራቅ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2009 በባሕር ሥር በተዘረጋው ገመድ ከዓለም ጋር ሲገናኝ የመሣሪያው ፍላጎት በብዙ እጥፍ ጨመረ። ብዙው በግዢ፣ ብዙው ደግሞ በውጭ አገር አገልግሎ በስጦታ መጣ።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ይህን ዓይነት ታሪክ በቅርብ እናውቀዋለን። በ1997 ዓ.ም. ግድም ትምህርት በሳተላይት ሲሠራጭ በየክፍሉ የተሰቀለውን ፕላዝማ ያላየ የዚያ ዘመን ተማሪ የለም። መሣሪያዎቹ ሲመጡ ደስ ብሎን ተቀበልን። በሞዴል 19 ገቢ ሆኑ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆነው በየክፍሉ ተሰቀሉ። ሲበላሹ ግን ማን ይጠግናቸዋል? ካልተጠገኑስ ወዴት ይሄዳሉ? ይህ አስቀድሞ ባለመታሰቡ በየመጋዘኑ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ተከማቸ። በዩኒቨርሲቲዎችም የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ለመግቢያው ደረሰኝ ነበረን፣ ለመውጫው ግን ሐሳብ አልነበረንም።

መውጫው መታሰብ ሲጀምር

አፍሪካ ስለ መርዛማ ውዳቂ አጥብቃ እንድታስብ ካስገደዷት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1988 በናይጄሪያ የኮኮ ወደብ የተጋለጠው ድርጊት ነው። ከጣልያን አገር የመጣ በሺህ የሚቆጠር በርሜል መርዛማ ዝቃጭ በአንድ መንደር ግቢ ተከማችቶ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ አደገኛ ውዳቂ ከአገር ወደ አገር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ተፈረመ። የአፍሪካ አገሮችም ይህ አይበቃንም ብለው እ.ኤ.አ. በ1991 ባማኮ ላይ የራሳቸውን ጠንካራ ስምምነት አወጡ። ይኸውም አደገኛ ውዳቂ ወደ አህጉራችን ጨርሶ እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የባዝልን፣ ቀጥሎም የባማኮን ስምምነት ተቀብላለች።

ይሁን እንጂ ያገለገለ ኮምፒዩተር በርሜል ውስጥ እንዳለ ዝቃጭ በግልጽ የሚታወቅ አይደለም። ለአንዱ ስጦታ ነው፤ ለሌላው ውዳቂ ነው። የዩጋንዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች፣ ቴሌቪዥኖችና ማቀዝቀዣዎች ከውጭ እንዳይገቡ ለማገድ ሲወስን ብዙ ሙግት የተነሣውም በዚህ ምክንያት ነበር። አንደኛው ወገን አገራችን የሌሎች መጣያ አትሁን አለ። ሌላው ወገን ርካሽ ኮምፒዩተር ከተከለከለ የድሃ ልጅ በምን ይማራል ሲል ጠየቀ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ስለዚህ አገሪቱ ቀስ በቀስ ከእገዳ ወደ አያያዝ አመራች። እ.ኤ.አ. በ2012 የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ፖሊሲ አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአካባቢ ጥበቃ ሕጓን አደሰች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ካምፓላ ላይ የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ መሰብሰቢያ ማዕከል ከፈተች። በእኛም አገር በአዲስ አበባ፣ አቃቂ ላይ አሮጌ ኮምፒዩተሮች የሚታደሱበትና የሚፈታቱበት ማዕከል ተቋቁሞ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አወጋገድን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ወጣ።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ አንድ አኃዝ ይናገራል። በተባበሩት መንግሥታት ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተፈጥሯል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ በመዝገብ የታወቀው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በአፍሪካ ይህ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ኤሌክትሪኩ ይብሳል ወይስ ዕቃው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሚያተኩረው በኤሌክትሪክ ቁጠባ ላይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ኢነርጂ ስታር የተባለውን ምልክት ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች መካከል ኮምፒዩተር ነበረበት። በእነርሱ ዘንድ ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ይመነጭ ስለ ነበር ቁጠባው ጭሱን ይቀንሳል።

የእኛ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ዩጋንዳ ከናሉባሌ ሐይቅ በሚወጣው በነጭ ዓባይ ላይ፣ ጂንጃ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀውን የኦወን ፏፏቴ ግድብ ሠርታ ከዚያ ወዲህ ብዙውን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከውሃ ነው። ኢትዮጵያም እንዲሁ፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሁለቱም አገሮች ኮምፒዩተራቸውን የሚያበሩት በአብዛኛው በወንዝ ኃይል ነው። እንግዲያው የአንድ ኮምፒዩተር ጉዳት ለእኛ ያለው በየት ነው? በሁለቱ የዕድሜው ጫፎች ነው። በመጀመሪያው ጫፍ ማዕድኑ ተቆፍሮ፣ መሣሪያው ተፈብርኮና ተጓጉዞ እስኪደርሰን ብዙ ጭስ ወጥቶበታል። የአንድ ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር የዕድሜ ልክ የካርቦን ጭነት ከግማሽ የሚበልጠው በዚህ ጊዜ የሚፈጠር ነው። በመጨረሻው ጫፍ ደግሞ በውስጡ ያሉት እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ይጠብቁናል። የድሮው ባለ መስተዋት ቱቦ ስክሪን ብቻውን እስከ 2 ኪሎ ግራም የሚደርስ እርሳስ ይይዝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን የሚያቆየው መሣሪያም ባትሪው የእርሳስ ነው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ይደክማል።

ከዚህ የምንደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። ለካምፓላም ሆነ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ የሚበልጠው የአካባቢ ጥበቃ ሥራ አንድን ኮምፒዩተር 4 ዓመት ከማገልገል 8 ዓመት ወደ ማገልገል ማድረስ፣ ከዚያም በአግባቡ ማሰናበት ነው። ይህ ሲባል ቁጠባው ይቅር ማለታችን አይደለም። 40 ኮምፒዩተሮች ያሉበት ክፍል እያንዳንዱ 50 ዋት እየወሰደ ለ14 ሰዓት ሌሊቱን ሁሉ በርቶ ቢያድር 28 ኪሎ ዋት ሰዓት በከንቱ ይባክናል። ገንዘብ ነው፤ መብራት ባልደረሰው መንደርም ለአንድ ቤተሰብ የብዙ ቀን ብርሃን ነው። መብራት ጠፍቶ በናፍጣ ጄኔሬተር ሲሠራ ደግሞ ጭሱ የእኛው ነው።

ዕድሜን የሚያሳጥረው ሁልጊዜ ብልሽት አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ጤነኛ ኮምፒዩተሮችን አይቀበልም። ስለዚህ አንዳች ያልጎደለው መሣሪያ በወረቀት ላይ አሮጌ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በነፃ የሚሠራጨውን ሊኑክስን የሚያውቅ ባለሙያ ያለው ዩኒቨርሲቲ እነዚህን ኮምፒዩተሮች ለተጨማሪ ዓመታት ሊያሠራቸው ይችላል። አንድን ብርቱ ኮምፒዩተር በብዙ ስክሪን መጋራትም ዛሬ እንደ አዲስ ዘዴ ይነገራል እንጂ ቀደም ሲል እንዳየነው የአባቶቻችን ዘመን አሠራር ነው።

ከግቢው አጥር ውጭ ያለው ዕውቀት

በካምፓላ ካትዌ የሚባል የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር አለ። ብረትና ቆርቆሮ እዚያ እንደገና ይወለዳል። በአዲስ አበባም መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ አለ፤ የቁራሌውም ጥሪ በየመንደሩ ይሰማል። አንድን ዕቃ ሳይጥሉ መልሶ መጠቀም ለሕዝባችን ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ችግሩ እነዚህ ሰዎች ብረትንና ጠርሙስን እንደሚያውቁት የኮምፒዩተሩን መርዝ እንዲያውቁት ያስተማራቸው አለመኖሩ ነው። መዳብ ለማግኘት ሽቦ የሚያቃጥል ልጅ ከፕላስቲኩ የሚወጣውን መርዘኛ ጭስ ይተነፍሳል። ዕውቀቱ ያለው በአጥሩ ውስጥ፣ ሥራው ያለው በአጥሩ ውጭ ሆነ።

ቆሻሻ ሳይለይ አንድ ላይ ሲከመር ምን እንደሚያስከትል ሁለቱም ከተሞች በሐዘን ተምረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በካምፓላ የኪቴዚ ክምር ተንዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሁለቱም ስፍራ ከሞቱት መካከል በክምሩ አጠገብ ኑሯቸውን የመሠረቱ ድሆች ነበሩ። ከየቢሮውና ከየትምህርት ቤቱ የሚወጣ ነገር ሁሉ መድረሻው ሰው የሚኖርበት ቦታ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ምን እናድርግ?

ዩኒቨርሲቲ ማድረግ የሚችለውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በዐቅሙ ሊያደርገው ይችላል። አንደኛ፣ ኮምፒዩተር በግዢም ሆነ በስጦታ ከመግባቱ በፊት ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚገኝ፣ ሲያረጅ ማን እንደሚረከበው ይጠየቅ፤ መልሱም ከሞዴል 19 ጋር ተያይዞ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በመጋዘን ያለው ዕቃ ተቆጥሮ የሚጠገነው፣ ለመለዋወጫ የሚፈታውና የሚወገደው ይለይ፤ የማይጠገነው ንብረት በደንቡ መሠረት ቶሎ ይሰናበት። ሦስተኛ፣ የሚወገደው ለዚሁ ሥራ ፈቃድ ላለው ይሰጥ እንጂ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣል፣ በግቢም አይቃጠል። አራተኛ፣ የመጨረሻው ሰው ከክፍል ሲወጣ ኮምፒዩተሮቹን እንዲያጠፋ ተራ ይውጣ። አምስተኛ፣ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር የሚጠግኑበት ክበብ ይቋቋም።

ይህ የመጨረሻው ወደ ጀመርንበት ታሪክ ይመልሰናል። የማኬሬሬ የመጀመሪያዎቹ 14 ተማሪዎች የተማሩት መሥራትንና መጠገንን ነበር። የእኛም ተግባረ ዕድ የተከፈተው ለዚሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮምፒዩተር ብዙ ተምረናል፤ የኮምፒዩተሩን ክዳን ከፍቶ ማየትን ግን በመንገድ ላይ ረሳነው። መፍቻ ይዞ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ያስነሣ ተማሪ መሣሪያው ከምን እንደ ተሠራ ያውቃል፤ ከምን እንደ ተሠራ ያወቀም የትም አይጥለውም። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጋዘኑን በር ከተማሪዎቻችን ጋር ከፍተን ቆጠራውን እንጀምር።