ተሽከርካሪና ባለሙያው በደቡብ ዋልታ መንገድ

አንድ አዲስ ተሽከርካሪ ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ሩቅና አስቸጋሪ ምድር በሚላክበት ጊዜ አብሮት የሚጓዘው ማን ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ተራ የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ወደ ደቡብ ዋልታ በሞተር ኃይል ለመድረስ የተደረጉትን ሙከራዎች በጥሞና ስንመረምር፣ ከሞተሩ ጉልበት ባላነሰ ሁኔታ የሥራውን ውጤት የወሰነው ይኸው ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህ በታች ሦስት ዝግጅቶችን እናነጻጽራለን። የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንታርክቲካ ለተሽከርካሪ የማይመች አህጉር ነው። ብርዱ ዘይትን ያወፍራል፤ የባትሪን ኃይል ያዳክማል፤ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል። የላላ በረዶ ጎማን ይውጣል፤ በስስ በረዶ የተሸፈነ ጥልቅ ስንጥቅ ደግሞ መኪናን ከነነጂው ሊያስቀር ይችላል። ወደ ዋልታው በተቃረቡ ቁጥር ምድሩ ከፍ፣ አየሩም ሳሳ እያለ ስለሚሄድ፣ ሞተሩ ብዙ ጉልበት በሚፈለግበት ሥፍራ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሁሉም በላይ የተሰበረ ዕቃ የሚታደስበት ጋራዥ በአቅራቢያ የለም።

የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጠው ኧርነስት ሻክልተን በ1908 ወደዚያ ያደረሰው የአሮል ጆንስተን መኪና ነው። መኪናው በጠጣሩ የባሕር በረዶ ላይ ደህና ሲሄድ፣ በላላው ላይ ግን ጎማዎቹ በቦታቸው ይሽከረከሩ ነበር። በመሆኑም ካፒቴን ሮበርት ስኮት በ1910 ለጀመረው ዘመቻ ሲዘጋጅ ከጎማ ይልቅ ሰንሰለትን መረጠ። በበርሚንግሃም ከተማ በሚገኘው የወልስሌይ ፋብሪካም በሰንሰለት የሚሄዱ ሦስት የሞተር ስሌጆች ተሠሩለት። በንድፉና በሙከራው ከፍተኛ ድርሻ የነበረው ሬጂናልድ ስኬልተን የተባለ የባሕር ኃይል መሐንዲስ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከ1901 እስከ 1904 በተደረገው የዲስከቨሪ ዘመቻ የስኮት ዋና መሐንዲስ ሆኖ አገልግሏል። ስሌጆቹ በ1910 በኖርዌይ በረዶ ላይ ተፈተኑ። እስከዚህ ድረስ ዝግጅቱ የሚመሰገን ነበር።

ስኬልተን ግን አልሄደም። የዘመቻው ምክትል አዛዥ ሆኖ የተሾመው ሌተና ኤድዋርድ ኤቫንስ፣ በማዕረግ የሚበልጠው መኮንን በሥሩ መመደቡን ተቃወመ፤ ስኮትም ተቃውሞውን ተቀብሎ መሐንዲሱን አስቀረው። በወታደራዊ ሥርዓት ሲመዘን አቤቱታው ምክንያት የሌለው አልነበረም። በሥራው ሲመዘን ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ።

በጃንዋሪ 1911 ከሦስቱ ስሌጆች አንዱ ከመርከብ ሲራገፍ በረዶውን ሰብሮ ባሕር ገባ። የቀሩት ሁለቱ በኦክቶበር 24 ቀን 1911 ጉዞ ጀመሩ። በአየር የሚቀዘቅዙት ሞተሮቻቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚግሉ ጥቂት እየሄዱ ማሳረፍ ግድ ነበር፤ በመጨረሻም የቢዬላ ራስ እየተሰበረ ከ80 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ በኋላ ሁለቱም በበረዶ ላይ ተጣሉ። ነጂዎቹ ጭነቱን በትከሻቸው እየጎተቱ ወደፊት ቀጠሉ። ሞተሩን የያዘው በርናርድ ዴይ በሻክልተን ዘመቻ የተፈተነ ብቁ ባለሙያ ነበርና የሚቻለውን አድርጓል። ስኬልተን ቢኖር ኖሮ ስሌጆቹ ዋልታ ይደርሱ ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሞተር ገና በልጅነት ዕድሜው ላይ ነበር። ሆኖም የማሽኑን ባሕርይ ከጠንሳሾቹ አንዱ ሆኖ የሚያውቀው ሰው፣ ማሽኑ በሚፈተንበት ቀን በእንግሊዝ አገር መቅረቱ የማይካድ ሐቅ ነው።

ሁለተኛው ዝግጅት ከዚህ በስፋቱ እጅግ የላቀ ነበር። በ1939 በቺካጎ ቶማስ ፖልተር የነደፈው የበረዶ ክሩዘር ርዝመቱ 17 ሜትር፣ ክብደቱ 34 ቶን ገደማ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ቁመት 3 ሜትር ነበር። ሁለት የናፍጣ ሞተሮች ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ኃይል ይሰጡ ነበር፤ በጣሪያውም ላይ አውሮፕላን እንዲጭን ታስቦ ተሠራ። ነገር ግን በጥቂት ወራት ጥድፊያ ተገጣጥሞ መርከብ ላይ ለመድረስ ወደ ቦስተን ስለተነዳ፣ በበረዶ ላይ አንድም ቀን ሳይፈተን አንታርክቲካ ደረሰ። ጥርስ የሌላቸው ልሙጥ ጎማዎቹ በጃንዋሪ 1940 በበረዶው ውስጥ ሰመጡ። ትርፍ ጎማዎች ተጨመሩ፤ ሰንሰለትም ታሰረ፤ ግን ከሁሉ የተሻለው መላ ወደኋላ መንዳት ሆኖ ተገኘ። ረጅሙ ጉዞውም 148 ኪሎ ሜትር ያህል በኋሊት የሄደው ነው። ፖልተር በዚያው ወር ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ግዙፉ መኪናም የሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት ሆኖ ቀረ። በመጀመሪያው ዝግጅት ፈተና ነበረ፣ ፈታኙ መሐንዲስ ግን ቀረ፤ በሁለተኛው መሐንዲሱ እስከ ሥፍራው ሄደ፣ ፈተናው ግን አልነበረም።

ሦስተኛው ዝግጅት በመልኩ ከሁሉም የሚያንስ ነበር። ኤድመንድ ሂላሪ የመራው የኒውዚላንድ ቡድን የያዘው ፈርጉሰን ቲኢ 20 የተባለውን፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተመረተውን፣ 28 የፈረስ ጉልበት ያህል ያለውን የገበሬ ትራክተር ነበር። ስሙ ለአገራችን እርሻዎችም እንግዳ አይደለም። ትራክተሩ ለሜዳ እርሻ እንጂ ለዋልታ አልተሠራም። ይሁን እንጂ ጂም ቤትስና መሪ ኤሊስ የተባሉት ባለሙያዎች ቡድኑ በሰፈረበት በስኮት ቤዝ ጣቢያ ከትራክተሮቹ ጋር ከረሙ። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ተጨማሪ መሽከርከሪያ ገብቶ ሁሉም በአንድ ሰንሰለት ተያያዙ። ቢገለበጡ ነጂው እንዳይጨፈለቅ የብረት ቅስት ተተከለ፤ ከነፋስ መከለያም ሸራ ተወጠረ። አንዱ በስንጥቅ ውስጥ ቢወድቅ ሌላው እንዲይዘው ትራክተሮቹ እርስ በርሳቸው በገመድ ታሰሩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በማርች 1957 የተደረገው የሙከራ ጉዞ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሂላሪና ጓደኞቹ በሁለት ትራክተሮች ወደ ኬፕ ክሮዚየር ሄደው፣ በ1911 የስኮት ባልደረባ ኤድዋርድ ዊልሰንና ጓደኞቹ የሠሩትን የድንጋይ መጠለያ አገኙ። በዚህ ጉዞ የታየው ጉድለት ሁሉ ጉድለቱን በዓይናቸው ባዩት ሰዎች እጅ በክረምቱ ታረመ። ጉዞው በኦክቶበር 14 ቀን 1957 ተጀመረ። አብሮ የተነሣ ዊዝል የተባለ ባለ ሰንሰለት መኪና በመንገድ ቀረ፤ ሦስቱ ትራክተሮች ግን 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው በጃንዋሪ 4 ቀን 1958 ዋልታው ደረሱ። በየብስ ተጉዘው እዚያ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ የሞተር ተሽከርካሪዎች እነዚህ ናቸው። በዚያን ጊዜ የቀራቸው ቤንዚን 90 ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። ቤትስና ኤሊስም አብረው ደርሰዋል።

እርግጥ ሂላሪ ስኮት ያላገኘው የአውሮፕላንና የሬዲዮ እርዳታ ነበረው። ቢሆንም በዚያው ወቅት ከተቃራኒው የአህጉሩ ዳርቻ ተነሥቶ በማርች 2 ቀን 1958 አንታርክቲካን ያቋረጠው የቪቪያን ፉክስ ቡድንም ዴቪድ ፕራትና ሮይ ሆማርድ የተባሉትን መሐንዲሶች ከመኪናዎቹ ጋር ይዞ ነበር የተጓዘው። አውሮፕላን ነዳጅ ያመጣል፤ የተሰነጠቀ ብረት ምን እንዳመመው የሚያውቀው ግን ከማሽኑ ጋር የከረመ ሰው ነው።

ለእኛ ለሙያው ሰዎች የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ማሽን ከሠሪው እጅ ወጥቶ ከተጠቃሚው እጅ ሲገባ ሥራው ተጠናቀቀ ማለት አይደለም። በሚሠራበት ምድር ተፈትኖ፣ ፈተናውን ባየው ሰው ታርሞ፣ ያው ሰው አጠገቡ ሲገኝ ነው ዝግጅቱ ሙሉ የሚሆነው። ማዕረግና ጥድፊያ ይህን ቅደም ተከተል ሲያፈርሱት ጉድለቱ የሚታየው መመለሻ በሌለበት ሥፍራ ነው።

የሂላሪ ትራክተሮች ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ከፍተኛው የበረዶ አምባ የወጡበት መንገድ ስኬልተን ግላሲየር ይባላል። ስሙን ያገኘው በአጠገቡ ካለው የባሕር ሰርጥ ሲሆን፣ ሰርጡም የተሰየመው የዲስከቨሪ መሐንዲስ በነበረው በሬጂናልድ ስኬልተን ነው።